የኤልቪኤልና የግሉላም ቢም፦ ከስሌት እስከ ተከላ

በፋብሪካ ተጣብቆ የተሠራ የእንጨት ቢም (ጭነት ተሸካሚ አግድም) መሃሉ ላይ ተሰብሮ መውደቁ ብርቅ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፦ ከማረፊያው ጫፍ፣ የቧንቧ ሠራተኛ ከበሳው ቀዳዳ፣ ዝናብ ላይ ከተረሳበት ሳምንት፣ ሁለቱን ጣውላ ካያያዙት ጥቂት ሚስማሮች። ፋብሪካው የሰጠው አስተማማኝነት ሳይት ላይ በቀላሉ ይጠፋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ስሌቱ ቢኖርም፣ ብዙው ቦታ የተሰጠው ለእጅ ሥራው ነው። ቁጥሮቹ መጠን ለማገናዘብና የቀረበልዎትን ዲዛይን ለመመርመር ይጠቅማሉ። የመጨረሻው ቃል ግን ሁልጊዜ የአምራቹ ሰነድና የፈረመው መሐንዲስ ነው።

ምን እንደያዙ ይለዩ

ኤልቪኤል የሚሠራው ግንድ በቢላ ፊት እየዞረ ተልጦ ነው። የሚወጣው ልጣጭ 3 ሚሜ ገደማ ውፍረት አለው። ልጣጮቹ ይደርቃሉ፣ ቃጫቸው ሁሉ በቢሙ ርዝመት እንዲሄድ ይደረደራሉ፣ በፌኖሊክ ኮላ ተቀብተው በሙቀትና በግፊት ይታመቃሉ። ከኮምፔንሳቶ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ኮምፔንሳቶ ልጣጩን አንዱን በርዝመት አንዱን በአግድም ያፈራርቃል። ኤልቪኤል ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ያደርጋል፣ ምክንያቱም ቢም ኃይል የሚፈልገው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። የተለመደው ውፍረት 45 ሚሜ ነው፤ ሰፋ ያለ ቢም ሲያስፈልግ ሁለት ወይም ሦስት ጣውላ ይደረባል።

ግሉላም ደግሞ ከ45 ሚሜ ያልበለጠ ውፍረት ያላቸው የደረቁ ጣውላዎች ተደራርበው የሚጣበቁበት ነው። የጣውላዎቹ ጫፎች እንደተጠላለፉ ጣቶች በጥርስ ተቆርጠው ስለሚገጣጠሙ ርዝመቱ በዛፉ ቁመት አይወሰንም። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ጀርመናዊው ኦቶ ሄትዘር የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት በ1906 እ.ኤ.አ. ነው።

ሦስተኛው አይ ጆይስት (የላቲን I ቅርጽ ያለው የወለል ተሸካሚ እንጨት) ነው፦ ከላይና ከታች ወፍራም ጠርዝ፣ መሃሉ 10 ሚሜ አካባቢ ስስ ሰሌዳ። ቀላልና ቀጥ ያለ ነው፣ ለወለል ይመቻል፤ ግን ጥፋትን ከሁለቱ ይልቅ የማይምር እሱ ነው።

አቀማመጣቸውን አያምታቱ። ኤልቪኤል ቢም ሆኖ ሲቆም የኮላው መስመሮች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ግሉላም ላይ ደግሞ መስመሮቹ ይተኛሉ። 45 በ300 የሆነ ኤልቪኤል በጠርዙ መቆም ሲገባው በሆዱ ቢተኛ፣ ግትርነቱ ወደ 1/44 ይወርዳል። ያው እንጨት፣ ያው ክብደት ነው፤ የተለወጠው አቋሙ ብቻ ነው።

አስተማማኝነቱ ከየት ይመጣል

የተለመደ በመጋዝ የተሰነጠቀ እንጨት ላይ አንድ ትልቅ ጉጥ በመጥፎ ቦታ ከተገኘ ቢሙን የሚወስነው ያ ጉጥ ነው። ያንኑ ግንድ በ3 ሚሜ ልጣጭ ከፋፍለው 15 ቦታ ቢያከፋፍሉት፣ ጉጡ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ትንሽ ነጥብ ብቻ ይሆናል፤ ዙሪያውን ያለው ጤናማ ልጣጭ ይሸከምለታል። እንጨቱ በአማካይ ያን ያህል አልጠነከረም። የጠፋው መጥፎው አጋጣሚ ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። በአውሮፓ ደረጃ ሲ24 የሚባለው የተሰነጠቀ እንጨት አማካይ የግትርነት መለኪያው 11,000 ሜጋ ፓስካል (ኒውተን በካሬ ሚሜ) ሲሆን፣ ከመቶው ደካማዎቹ አምስቱ ከ7,400 በታች ይወርዳሉ። የተለመደ ኤልቪኤል አማካዩ 13,800 ነው፤ የታችኛው ወሰኑ ግን 11,600 ነው። የደካማው ኤልቪኤል ወሰን ከአማካዩ ሲ24 ይበልጣል። ዩሮኮድ 5 (የአውሮፓ የእንጨት መዋቅር ደንብ) ጥንካሬን የሚያካፍልበት የጥንቃቄ ቁጥርም ይህንኑ ይከተላል፦ ለተሰነጠቀ እንጨት 1.3፣ ለግሉላም 1.25፣ ለኤልቪኤል 1.2።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በቃጫው አቅጣጫ ነው። ቃጫውን ለመሰንጠቅ፣ ማለትም በአግድም ለመገንጠል፣ የሚበቃው ኃይል 0.5 ሜጋ ፓስካል ገደማ ነው። ግሉላም በመታጠፍ የሚችለው 24 ከሆነ፣ በአግድም ሲገነጠል የሚችለው የዚያ 1/48 ነው። ኮላ ይህን አይለውጠውም። በኋላ ስለ ቆረጣና ስለ ቀዳዳ የሚነሳው ክልከላ ሁሉ መነሻው ይህ ቁጥር ነው።

ስሌቱ በአንድ ምሳሌ

የመኖሪያ ቤት ወለል የሚሸከም ቢም እንውሰድ። ስፓኑ (በሁለቱ ማረፊያ መካከል ያለው ርቀት) 4 ሜትር፣ ወደ እሱ የሚመጣው የወለል ወርድ 3 ሜትር። ቋሚ ጭነት (ወለሉና ቢሙ ራሱ) በካሬ ሜትር 1 ኪሎ ኒውተን (የ100 ኪሎ ክብደት ያህል)፣ ተለዋዋጭ ጭነት (ሰውና ዕቃ) በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ኒውተን። ሙከራችን 45 በ300 የሆነ ኤልቪኤል፣ ሁለት ጣውላ፤ ማለትም 90 በ300 ሚሜ።

1. ጭነቱን በቢሙ ርዝመት ያውጡ። በወርዱ 3 ሲባዛ፣ ቋሚው 3፣ ተለዋዋጩ 6 ኪሎ ኒውተን በሜትር ይሆናል፤ ድምሩ 9።

2. ለጥንካሬ ስሌት ያሳድጉት። ቋሚውን በ1.35፣ ተለዋዋጩን በ1.5 አባዝተው ሲደምሩ 13.05 ኪሎ ኒውተን በሜትር ያገኛሉ።

3. ሞመንቱን (ጭነቱ ቢሙን ምን ያህል እንደሚያጥፍ የሚለካውን) ያውጡ፦ ጭነት ሲባዛ የስፓን ካሬ ሲካፈል ለ8። 26.1 ኪሎ ኒውተን ሜትር። በየጫፉ የሚያርፈው ኃይል ደግሞ ጭነት ሲባዛ ስፓን ሲካፈል ለ2፣ እሱም 26.1 ኪሎ ኒውተን። (ሁለቱ የተመሳሰሉት ስፓኑ 4 ሜትር ስለሆነ ብቻ ነው፤ በሌላ ስፓን ይለያያሉ።)

4. መታጠፍን ይፈትሹ። ወርድ ሲባዛ የቁመት ካሬ ሲካፈል ለ6፣ 1,350,000 ኪዩቢክ ሚሜ። ሞመንቱ ለዚህ ሲካፈል 19.3 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። የኤልቪኤሉን የመታጠፍ ጥንካሬ 44 ሜጋ ፓስካል በጭነት ቆይታ ቁጥር 0.8 አባዝተው ለ1.2 ሲያካፍሉ የሚፈቀደው 29.3 ነው። ያልፋል።

5. ሺርን (ቢሙን ለመቁረጥ የሚሞክረውን ኃይል) ይፈትሹ። 1.5 ሲባዛ 26,100 ኒውተን ሲካፈል ለ27,000 ካሬ ሚሜ፣ 1.45። የሚፈቀደው 2.7 አካባቢ ነው። ያልፋል።

6. መርገቡን ይፈትሹ፤ አብዛኛውን ጊዜ መጠኑን የሚወስነው ይህ ነው። እዚህ የሚገባው ያልተባዛው 9 ኪሎ ኒውተን ነው። 5 ሲባዛ ጭነት ሲባዛ የስፓን አራተኛ ኃይል፣ ሲካፈል ለ384 ሲባዛ 13,800 ሲባዛ 202,500,000 (ወርድ ሲባዛ የቁመት ኩብ ሲካፈል ለ12)። ውጤቱ 10.7 ሚሜ። ከዚህ ውስጥ የተለዋዋጩ ድርሻ 7.2 ነው፤ የስፓኑ 1/360 ማለትም 11.1 ሚሜ ስለሆነ ያልፋል።

7. ዓመታትን ይጨምሩ። እንጨት በቆየ ጭነት ሥር ቀስ እያለ ይረግባል። ደረቅ ቤት ውስጥ የቋሚ ጭነቱ እርግበት 1.6 እጥፍ እንደሚሆን ይወሰዳል፤ ከተለዋዋጩም ዘላቂ ተብሎ የሚታሰበው ክፍል ይጨመራል። በዚህ ምሳሌ ጠቅላላው ወደ 14.2 ሚሜ ይደርሳል፤ 1/240 ማለትም 16.7 ሚሜ ውስጥ ነው። እርጥበት በሚፈራረቅበት ክፍት ቦታ ግን ያ 1.6 ወደ 3 ይሄዳል። ውጭ የቆመ ቢም ለምን እንደሚጎብጥ የሚጠይቅ ሰው መልሱ እዚህ አለ።

አሁን ያንኑ ቢም ወደ 240 ሚሜ ቁመት እናውርደው፤ "ጣሪያው ዝቅ አለ፣ 6 ሴንቲ ብቻ ነው" እንደሚባለው። ግትርነቱ በግማሽ ይቀንሳል (0.8 ሲባዛ 0.8 ሲባዛ 0.8)። የተለዋዋጩ እርግበት 14 ሚሜ ይሆንና 11.1ን ያልፋል፤ መታጠፉም 30.2 ሆኖ ከተፈቀደው 29.3 ይሻገራል። በ6 ሴንቲ ሁለቱም ፈተና ወደቀ። ቁመት ሲቀንስ ወርድ መጨመር ይቻላል፣ ግን ውድ መፍትሔ ነው፤ የጠፋውን ግትርነት ለመመለስ ወርዱ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ያንኑ 90 በ300 በጂኤል24ኤች ግሉላም (በመታጠፍ 24 ሜጋ ፓስካል የሚችል ደረጃ) ቢተኩትስ? በመታጠፍ የሚፈቀደው 16 አካባቢ ስለሆነ 19.3ን አይችልም። ቁመቱ 360 ከሆነ ግን ጭንቀቱ ወደ 13.4 ይወርዳልና ያልፋል። በስዕል ላይ ኤልቪኤል ተጽፎ ሳለ "ያው የተጣበቀ እንጨት ነው" ብሎ ግሉላም መተካት የሚያስከትለው ይህን ነው።

ሲረከቡ

ማህተሙን ያንብቡ። ደረጃው፣ የፋብሪካው መለያ ቁጥርና የተሠራበት ስታንዳርድ መኖር አለባቸው፦ ለኤልቪኤል ኢኤን 14374 ወይም ኤኤስቲኤም ዲ5456፣ ለግሉላም ኢኤን 14080። ማህተም የሌለውን አይረከቡ፤ በዓይን አይቶ የኮላን ጥራት መለየት አይቻልም።

በግሉላም ላይ "የላይ" የሚል ምልክት ካለ ቦታውን ሳይጭኑት በፊት በጠመኔ አግዝፈው ይጻፉት። አንዳንዱ ግሉላም ምርጥ ጣውላው በታችኛው ንብርብር ብቻ ነው፤ የሚወጠረው የታቹ ስለሆነ። ተገልብጦ ከተሰቀለ ደካማው ጣውላ ለመወጠር ይጋለጣል። ከዚህም ሌላ ብዙ ግሉላም ትንሽ ወደ ላይ ተቀስቶ ይመረታል፤ ሲገለበጥ ከመጀመሪያው ቀን ጎብጦ ይታያል።

እርጥበት ይለኩ። ከፋብሪካ የሚወጣው ኤልቪኤል ከ8 እስከ 10 በመቶ፣ ግሉላም 12 በመቶ አካባቢ ነው። ኤልቪኤል ላይ ባለ መርፌ መለኪያ የኮላውን መስመር ከነካ ከፍ ያለ ንባብ ሊሰጥ ስለሚችል ሦስት አራት ቦታ ይሞክሩ። 18 በመቶ ካነበበ በየትኛው ጫፍ ውሃ እንደገባ ይፈልጉ።

ሲያስቀምጡ ከመሬት 150 ሚሜ ከፍ አድርገው፣ በየ3 ሜትሩ እንጨት ሥር ሰጥተው፣ በጠርዛቸው አቁመው ይደርድሯቸው። ላስቲኩን ከላይ ብቻ ያልብሱ፤ ዙሪያውን ጠቅልሎ ማሰር ተንኖ የሚወጣውን ውሃ መልሶ እንጨቱ ላይ ያንጠባጥባል። በሆዱ ተኝቶ ዝናብ የመታው ኤልቪኤል ላይኛው ፊቱ ይነፋና እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይጣመማል። እንዲህ የሆኑ ሁለት ጣውላዎች ሲደረቡ መሃላቸው ክፍተት ይቀራል፤ በሞርሳ ቢጨመቁም ሞርሳው ሲፈታ ይመለሳሉ። እስኪደርቁ መጠበቅ እንጂ በሚስማር ማስገደድ አያዋጣም።

ጣውላዎቹን መደረብ

ለምሳሌያችን 4.2 ሜትር ርዝመት ሁለት ጣውላ ያስፈልጋል። አንዱ ወደ 29 ኪሎ ይመዝናል፤ ሁለት ሰው በቀላሉ ያነሳዋል። ቦታው ጠባብ ከሆነ አንድ አንድ እያሉ ሰቅለው እላይ ማያያዝ ይቀላል።

1. እያንዳንዱ ጣውላ ከማረፊያ እስከ ማረፊያ ሙሉ ርዝመት መሆኑን ያረጋግጡ። መቀጠያ የሚፈቀደው ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) ላይ ብቻ ነው። በሁለት ማረፊያ መካከል አንዱን ጣውላ መቀጠል ማለት እዚያ ቦታ ላይ አንድ ጣውላ ብቻ አለ ማለት ነው።

2. ፊታቸውን ከአቧራና ከጭቃ ያጽዱ። የላይና የታች ጠርዛቸው እኩል እስኪሆን በሞርሳ ይያዙ። አንዱ 3 ሚሜ ከፍ ካለ ጆይስቱ የሚያርፈው በእሱ ላይ ብቻ ነው።

3. ጭነቱ ከላይ የሚመጣ ከሆነ 90 ሚሜ ርዝመት ያለው ሚስማር በየ300 ሚሜ ይምቱ። እስከ 300 ሚሜ ቁመት ሁለት ረድፍ፣ ከዚያ በላይ ሦስት። ረድፉ ከጠርዝ 50 ሚሜ ይግባ፣ ሚስማሮቹም ፊት ለፊት ሳይሆኑ ተፈራርቀው ይሁኑ፤ በአንድ ቃጫ መስመር ላይ የተደረደሩ ሚስማሮች ጣውላውን ይሰነጥቃሉ። ለ4.2 ሜትር በረድፍ 15፣ በጠቅላላው 30 ሚስማር ነው። ሦስት ጣውላ ከሆነ ከሁለቱም ወገን ይመታል፤ አራት ከሆነ ሚስማር ይቅርና ረዥም የመዋቅር ስክሩ ወይም ቡሎን ይግባ።

4. ጭነቱ በአንድ ጎን ብቻ ከተሰቀለ፣ ማለትም ጆይስቶቹ በብረት መስቀያ ከአንድ ወገን ከመጡ፣ ነገሩ ይለወጣል። የፊተኛው ጣውላ ጭነቱን ሁሉ ተቀብሎ ግማሹን ለኋለኛው ማሻገር አለበት፤ የሚያሻግረውም ሚስማሩ ብቻ ነው። በምሳሌያችን በሜትር 6.5 ኪሎ ኒውተን መሻገር አለበት። ሁለት ረድፍ በ300 ሚሜ ማለት በሜትር 6.7 ሚስማር ነው፤ እያንዳንዱ ወደ 1 ኪሎ ኒውተን ይደርሰዋል፣ ይህም ለተራ ሚስማር ብዙ ነው። ሦስተኛ ረድፍ ሲጨመር ወደ 0.65 ይወርዳል። ጭነቱ ከዚህ ከበለጠ ወደ 12 ሚሜ ቡሎን ይሂዱ፣ ከሁለቱም ወገን በሮንዴላ። ሮንዴላ የሌለው ዳዶ እንጨቱ ውስጥ ይሰምጣል።

ጣውላዎቹ መሃል ኮላ መቀባት ክፉ አይደለም፣ ግን ሚስማር አይቀንስም። ፋብሪካ ውስጥ ያለውን ግፊት ሳይት ላይ በሞርሳ ማግኘት አይቻልም።

ማረፊያው

ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ቦታ ይህ ነው። ጫፉ ላይ 26.1 ኪሎ ኒውተን ያርፋል። ኤልቪኤሉ በጠርዙ ሲጨመቅ 6 ሜጋ ፓስካል ይችላል፤ ከቅናሽ በኋላ (ሲባዛ 0.8 ሲካፈል ለ1.2) 4። ስለዚህ 90 ሚሜ ወርድ ላለው ቢም 73 ሚሜ ርዝመት ያለው ማረፊያ ይበቃዋል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነው።

አሁን ከሥሩ ያለውን ይመልከቱ። ቢሙ ያረፈው በግድግዳው አናት ላይ በተኛ ሲ24 ጣውላ ላይ ከሆነ፣ ያ ጣውላ በአግድም ሲጨመቅ የሚችለው 2.5፣ ከቅናሽ በኋላ 1.54 ብቻ ነው። በዚህ ቁጥር የሚያስፈልገው ማረፊያ 188 ሚሜ ይሆናል። የዲዛይን ደንቡ የሚፈቅዳቸው ማሻሻያዎች ቁጥሩን ዝቅ ቢያደርጉትም፣ ሐሳቡ አይለወጥም፦ ቢሙ ሳይጨፈለቅ ከሥሩ ያለው ጣውላ ይጨፈለቃል። ምልክቱ ቢሙ ጫፍ አጠገብ የሚታይ የግድግዳ ስንጥቅና ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ወለል ነው፤ ሰው ግን ቢሙ ረገበ ብሎ ቢሙን ይከሳል። መፍትሔው የተኛውን ጣውላ ቆርጦ ቢሙን በቀጥታ በቆመ ኮለን ራስ ላይ ማሳረፍ ነው፤ እንጨት በቃጫው ርዝመት ሲጨመቅ እጅግ ብርቱ ነው። አለበለዚያ ጭነቱን የሚያሰፋ የብረት ሰሌዳ ከሥሩ ይግባ። ኮለኑም ወለሉ ላይ አያብቃ፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ እስከ መሠረት ድረስ ጠጣር እንጨት ወይም ኮንክሪት መሆን አለበት።

ቢሙ በብሎኬት ወይም በኮንክሪት ኪስ ውስጥ የሚገባ ከሆነ በጎኖቹ፣ በላዩና በጫፉ 12 ሚሜ ክፍት ቦታ ይተዉ። ከሥሩ እርጥበት የማያሳልፍ ሽፋን ያንጥፉ። "እንዳይነቃነቅ" ብሎ ኪሱን በሞርታር መሙላት የተለመደ ስህተት ነው፤ የቃጫው ጫፍ ውሃ የሚጠጣበት አፍ ነው፣ ሞርታሩ ደግሞ ያጠጣዋል። ጫፉ ሲበሰብስ የሚታይ ነገር አይኖርም፤ ሥራውን የሚሠራው በግድግዳው ውስጥ ተደብቆ ነው።

ቢሙን የሚሸከም የብረት መስቀያ ሲኖር ቀዳዳዎቹ ሁሉ ይሞላሉ፣ ሰነዱ በሚያዘው ውፍረትና ርዝመት ባለው ሚስማር። አጭር ሚስማር ከውጭ ሲታይ ልዩነት የለውም። በቢሙ ጫፍና በመስቀያው ጀርባ መካከል ያለው ክፍተትም ከ3 ሚሜ አይብለጥ።

ማንሳትና ማጽናት

ቢሙን ከማንሳትዎ በፊት ሁለቱ ማረፊያዎች እኩል መሆናቸውን በውሃ ልክ ያረጋግጡ። ልዩነት ካለ በብረት ሰሌዳ ያስተካክሉ፤ ከቢሙ ሥር አይላጡ። አንዴ ከቆመ ቀጥ ማለቱን በቱምቢ አይተው ጫፎቹን እንዳይዞሩ ወዲያው ያስሩ። ቁመቱ ከወርዱ ብዙ የሚበልጥ ቢም፣ በተለይ አንድ ጣውላ የሆነ፣ የላይኛው ጠርዙ ካልተያዘ ጭነት ሲመጣበት ወደ ጎን ይሸሻል። የላይኛው ጠርዝ በጆይስት ወይም በወለል ቢያንስ በየ600 ሚሜ መያዝ አለበት። አይ ጆይስት ላይ ሳይታሰር መራመድ ጨርሶ አይሞከርም፤ ከጎን ሲገፋ እንደ ካርታ ይተኛል። ያልተቸነከረ ወለል ላይ የጂብሰም ሰሌዳ ክምር ማስቀመጥም እንደዚያው ነው።

ተራ እንጨት ጆይስት ከኤልቪኤል ጋር ሲገጥሙ ስለ መሸብሸብ ያስቡ። ያልደረቀ የ240 ሚሜ ጆይስት ከ19 ወደ 9 በመቶ ሲደርቅ በቁመቱ ወደ 6 ሚሜ ይቀንሳል፤ ኤልቪኤሉ ደርቆ ስለመጣ አይነቃነቅም። ላያቸው እኩል ተደርጎ ከተሠራ ከጥቂት ወራት በኋላ ቢሙ ከወለሉ ሥር እንደ ጉብታ ይወጣል። ደረቅ ጆይስት ይግዙ፣ ካልተገኘ ጆይስቱን ከቢሙ 6 ሚሜ ከፍ አድርገው ይስቀሉ።

ቀዳዳና ቆረጣ

ለኤልቪኤል በአምራቾች ሰነድ የተለመደው ደንብ ይህ ነው፤ የእርስዎ ሰነድ ካጠበበው እሱን ይከተሉ። ቀዳዳው ክብ ብቻ ይሁን፣ ዲያሜትሩ ከ50 ሚሜ አይብለጥ። በስፓኑ መካከለኛ ሲሶና በቁመቱ መካከለኛ ሲሶ ውስጥ ይውደቅ። በምሳሌያችን ከእያንዳንዱ ማረፊያ ቢያንስ 1.33 ሜትር ርቆ፣ ከታች 100 እስከ 200 ሚሜ ባለው ከፍታ መካከል። በሁለት ቀዳዳ መሃል የትልቁን ዲያሜትር እጥፍ ይተዉ። ይህ ሁሉ ጭነቱ እኩል ተሰራጭቶ ሲመጣ ነው፤ መሃሉ ላይ ኮለን የቆመበት ቢም ላይ ሰነዱ ሳይጠየቅ አይበሳም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሺር የሚበዛው ማረፊያው አጠገብ ነው፣ መታጠፍ የሚበዛው በላይና በታች ጠርዝ ነው፤ ሁለቱም የሚቀንሱበት ያ መሃለኛው ሳጥን ነው። በጂግሶ የተቆረጠ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ጥጉ ላይ ቃጫውን መሰንጠቅ ይጀምራል፤ በትራፓኖ የተበሳ ክብ ቀዳዳ ጥግ የለውም።

ከማረፊያው አጠገብ ከታች 60 ሚሜ ቀንሶ "እንዲገባ" ማድረግ ሳይት ላይ ከሚታዩት ሁሉ የከፋ ነው። ቆረጣው ጥግ ላይ ቃጫው በአግድም ይገነጠላል፣ ስንጥቁም በቃጫው ተከትሎ ወደ መሃል ይሮጣል፤ ያ 0.5 ሜጋ ፓስካል ትዝ ይበልዎት። የቢሙ ቁመት ከቦታው ከበለጠ ማረፊያውን ዝቅ ያድርጉ። የግሉላምን የታችኛ ንብርብሮች በምንም ምክንያት አይንኩ። አይ ጆይስት ላይ ጠርዙ አይቆረጥም፣ አይበሳም፣ አይላጥም፤ የመሃሉ ሰሌዳ ብቻ በአምራቹ ሠንጠረዥ መሠረት ይበሳል። ኤልቪኤልን በርዝመቱ ሰንጥቆ ቁመቱን መቀነስ አንዳንድ አምራቾች ይፈቅዳሉ፣ ስሌቱ በአዲሱ ቁመት እስከተሠራ ድረስ። ግሉላም ላይ ይህ ማህተሙን ያፈርሳል፤ የተቆረጠው ምርጡ ጣውላ ሊሆን ይችላልና።

ስለ እሳት በአጭሩ

ኤልቪኤልና ግሉላም በደቂቃ 0.7 ሚሜ እየከሰሉ ይሄዳሉ። ለ30 ደቂቃ 21 ሚሜ፣ ከከሰለው ክፍል ጀርባ የሞቀውን ደካማ ሽፋን 7 ሚሜ ይጨምሩ፤ በየተጋለጠው ፊት 28 ሚሜ ይጠፋል። በሦስት ወገን የተጋለጠ 90 በ300 ቢም 34 በ272 ሆኖ ይቀራል። በሁለቱ ጣውላ መሃል ክፍተት ካለ እሳቱ በዚያም ይገባልና ይህ ስሌት አይሠራም። አይ ጆይስት ግን በስሱ ሰሌዳው ምክንያት ከሥሩ በጂብሰም ሰሌዳ መሸፈን አለበት።

ከተሠራ በኋላ

ወለሉ ሲያልቅና ዕቃ ሳይገባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥረው መሃሉ ላይ ያለውን እርግበት ለክተው ቢሙ ጎን ላይ ከቀኑ ጋር ይጻፉት። በምሳሌያችን 3.6 ሚሜ አካባቢ ይጠበቃል። ባዶ ቤት ላይ 7 ሚሜ ካነበቡ ወይ ጭነቱ ከታሰበው በልጧል፣ ወይ ማረፊያው ተጨፍልቋል፣ ወይ ጣውላዎቹ አብረው እየሠሩ አይደለም። ማረፊያውን አስቀድመው ይዩ።

ግሉላም ላይ ስንጥቅ ሲታይ ወዲያው አይደንግጡ። እንጨት ሲደርቅ ላዩ ላይ በቃጫው ተከትሎ ይሰነጠቃል፤ ውስጡን ሲያዩ የተቀደደ ቃጫ ይታያል፣ ስስ ብረት ሲያስገቡበትም ብዙ አይርቅም። የሚያሳስበው በኮላው መስመር ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ፊቶቹ ለስላሳ የሆኑና የኮላው ጥቁር ወይም ነጭ ሽፋን የሚታይበት ክፍተት ነው፤ ያ መላቀቅ ነው። ጥልቀቱንና ርዝመቱን በሚሊ ሜትር ለክተው፣ ፎቶ አንስተው፣ ከሥሩ ፑንቴሎ (ጊዜያዊ ምሰሶ) አቁመው መሐንዲስ ይጥሩ።

በስህተት የተበሳ ወይም የተቆረጠ ቢም ላይ ቀዳዳውን በእንጨትና በኮላ መድፈን ለዓይን እንጂ ለጥንካሬ አይጠቅምም፤ የተቆረጠ ቃጫ ኃይል አያስተላልፍም። የቀዳዳውን ቦታ ከሁለቱም ማረፊያና ከታችኛው ጠርዝ ለክተው ለአምራቹ ወይም ለመሐንዲሱ ይላኩ። እንደ ቦታው መልሱ "ይተውት" ሊሆን ይችላል፣ በጎኑ ሙሉ ርዝመት ሌላ ጣውላ መጨመር ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከሥሩ ኮለን ማቆም። መልሱ እስኪመጣ ፑንቴሎው አይነሳ።